የመንገድ ዳር ሦስት ምሰሶዎች

በደብረ ታቦር መሐል፣ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ለብዙ ዓመት የከተማዋ ረጅም ሕንፃ ሆኖ የቆየ ባለ አራት ፎቅ ቤት አለ። በሩ ላይ ስም ተጽፎበት ነበር፤ ማንም በስሙ ሲጠራው ግን ሰምቼ አላውቅም። «ፎቁ» ነው የሚባለው። ዛሬ ከተማው ውስጥ ከእሱ የሚበልጡ አሉ፤ ባጃጅ ይዛችሁ «ፎቁ ጋ» ብትሉ ግን የሚያወርዳችሁ እዚያው ነው። ታናሽ እህቴ በዚህ ሕንፃ የምድር ወለል ላይ የልብስ ስፌት ሱቅ ነበራት።

ዜና በመዘገብ ረጅም ዘመን ኖሬአለሁ። ገደል የገባ አውቶቡስ፣ መሬት ተንሸራቶ የዋጠው ጎጆ፣ በጉና ተራራ በረዶ የረገፈ ገብስ ዘግቤአለሁ። እንዲህ ያለ ቦታ ስደርስ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ ቦታውን፣ ቀጥሎ የሰዉን ቁጥር እይዛለሁ። ስለ ፎቁ የፈራሁትን ፍርሃት ግን በዚህ መንገድ ልይዘው አልቻልኩም። አሥራ አንድ ቀን ቆየብኝ። በእነዚያ ቀናት ስብሰባ ላይ ስቀመጥም፣ ቤተ ክርስቲያን ስቆምም፣ እህቴና አብረዋት የሚሰፉት ስድስት ልጃገረዶች ከሦስት ምሰሶ ሥር ተቀምጠው ይታዩኝ ነበር።

ሕንፃው የተጀመረው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። ባለቤቱ ከእብናት እህል እየጫነ የሚያመጣ ነጋዴ ነበር፤ መጋዘን ሳይሆን የቢሮ ሕንፃ ነው የምሠራው ማለቱ ከተማውን አስገርሞት ነበር። የሥራው ኃላፊ የታወቁ ግንበኛ ነበሩ፤ ያኔ ጎልማሳ፣ ድምፃቸው ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ ሲሚንቶ የሰረቀን ሠራተኛ በዚያው ቀን የሚያባርሩ። እኔ ጀማሪ ዘጋቢ ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹ ምሰሶዎች የሚሞሉበት ቀን ዜና ነው ብዬ ቴፕ መቅረጫዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ።

ማደባለቂያ ማሽን አልነበረም። አሸዋው፣ ጠጠሩና ሲሚንቶው ቆርቆሮ ላይ በአካፋ ይገላበጣል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ሰው በባሬላ ተሸክሞ የባሕር ዛፉን ርብራብ እየወጣ ፌሮው በቆመበት የሳንቃ ሣጥን ውስጥ ይገለብጠዋል። ከተሸካሚዎቹ ግማሾቹ ሴቶች ነበሩ። ይዘፍናሉ፤ ይሰዳደባሉ።

«ጋዜጠኛው! ያንን ሣጥንህን አስቀምጥና ባሬላ ያዝ፤ ወሬ እንደሆነ አይከብድም!» አለችኝ አንዷ።

«ተያት፤ ባሏንም ባሬላ አስይዛ ፈትና ነው ያገባችው» አለ ሌላው።

«አንተን ደግሞ ከባሬላው በቀር የሚያገባህ የለም!»

ወደ አራት ሰዓት ገደማ አንድ ሰው በአጥሩ በኩል ገብቶ አሸዋ የሚነፋውን ሠራተኛ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። እሱም ለሚቀጥለው ነገረ። ወሬው በሰልፉ ውስጥ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት፤ ሲስቅ የነበረ ፊት ይከስማል፣ ወደ ጎን ዞሮ ለሌላው ያቀብላል። ለእኔ የነገረችኝ ያቺው የሰደበችኝ ሴት ናት። የግንበኛው እናት ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወድቀው ሞተዋል።

በአገራችን መርዶ እንዲሁ በመንገድ ላይ አይነገርም። ሰውየው በሰበብ ቤቱ ይወሰዳል፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ በወጉ ይረዳል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ እንዳላወቀ ይሆናል። ስለዚህ ሃያ ያህል ሰዎች ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ ከእሳቸው በቀር ሁሉም እያወቀ፣ ኮንክሪት ማቀበላቸውን ቀጠሉ። ዘፈኑ ግን ቆመ።

«ምን ሆናችኋል?» ብለው ጮኹ ግንበኛው ከርብራቡ ላይ። «ሰው የሞተባችሁ ትመስላላችሁ!»

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች።

ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። «ቤትህ እንግዳ መጥቶልሃል፤ አንድ አፍታ ደርሰህ ተመለስ።»

«አስቀምጡት፤ ሙሌት ላይ ነኝ። ኮንክሪት አይጠብቅም።»

«ይኸኛውም አይጠብቅም» አሉ አንደኛው።

ወረዱ፤ እጃቸውን ታጠቡ። ሲወጡ ለረዳታቸው፣ «ይሄ የተቦካው ሳይደርቅ የመንገዱን ሦስቱን ሙሉልኝ» አሉት። ረዳቱ እሺ አለ። ሁላችንም እሺ አልን።

ከማዕዘኑ ታጥፈው ሲጠፉ አካፋው ተቀመጠ። ጥሩምባው ወዲያው ተሰማ። የኃላፊው እናት ሞተው ከቀብር የሚቀር ሰው አልነበረም። የተቦካው ኮንክሪት እንዳይደርቅ ሴቶቹ ጆንያ ውሃ ነክረው እንደ ሊጥ ሸፈኑት፤ ሁላችንም ሄድን። የተመለስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ክምሩ ጠንክሮ ነበር። ረዳቱ፣ «የሰው ንብረት ነው፤ አይጣልም» አለ። በዶማ ሰባበሩት፣ ውሃ ቀድተው አፈሰሱበት፣ በአካፋ መልሰው አሹት፣ የመንገዱን ዳር ሦስት ምሰሶዎች ሞሉበት። ለተጨማሪው ሰዓት ማንም ክፍያ አልጠየቀም።

ይህን ሁሉ ጻፍኩት። በሳምንቱ በሬዲዮ ተላለፈ፤ ኀዘንተኛን ስላከበሩና የአሠሪን ንብረት ስላላባከኑ ሠራተኞች። ሰው መንገድ ላይ እያቆመ ያመሰገነኝ የመጀመሪያው ዘገባዬ ነበር። ግንበኛው አልሰሙትም፤ ልቅሶ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ከዚያም በኋላ ማንም አልነገራቸው። እናቱን ለቀበረ ሰው፣ አንተ ስታለቅስ እኛ ያልከውን አልፈጸምንም ብሎ ማን ይነግራል?

ፎቁ አለቀ። ጠበቆች ገቡበት፣ የጽሕፈት ሥራ ቤቶች ገቡበት፣ የሂሳብ አያያዝ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ገባበት። ከጉና የመጡ ባለጉዳዮች በቅሏቸውን ከበሩ ፊት ካለው የመብራት እንጨት አስረው፣ ግድግዳውን በአንድ እጃቸው እየዳበሱ ደረጃውን ይወጡ ነበር። አንድ አዛውንት ሦስተኛው ላይ ቆመው፣ «ይሄ ነገር ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ሳቅሁ። ውሃ ከሁለተኛው በላይ ወጥቶ ስለማያውቅ የላይኞቹ ጸሐፊዎች በባልዲ ይቀዱ ነበር። ሕንፃው ግን ቆመ። አራት ፎቁን ይዞ ዓመት ከዓመት ቆመ።

ባለቤቱ ሲሞት ሕንፃው ለልጁ ደረሰ። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ቢሮ የሚፈልግ በዝቷል፤ ልጁም በላዩ አራት ጨምሮ ስምንት ፎቅ ሊያደርገው፣ ፊቱን መስታወት ሊያለብሰው፣ ሊፍት ሊያስገባለት ተነሣ። የቀጠረው ወጣት መሐንዲስ የድሮውን ንድፍ ጠየቀ፤ ጠፍቷል። እንግዲያው ምሰሶዎቹን በስቼ ልመርምር አለ። «የሞሉት ሰውዬ በሕይወት አሉ፤ ለምን ቤቴን ትበሳለህ?» አለው ልጁ። ግንበኛው ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ከፊት ያለውን ምሰሶ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ «በገዛ እጄ ነው የሠራሁት፤ አሥርም ይሸከማል» አሉ። ወረቀት ላይም ፈረሙ። እሳቸው እንደማይዋሹ ከተማው ያውቃል። መሐንዲሱም አመናቸው።

እህቴ በዚህ ጊዜ ሱቁን ከከፈተች ሦስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ዐረብ አገር የሰው ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ኖራለች። «አሁን ደግሞ ሌላው የእኔን ልብስ አጥቦ ይልበስ» ትል ነበር። ሱቋ መሐል ላይ አንድ ምሰሶ አለ፤ ረጅም መስታወት ሰቅላበት ነበር። ሌሎቹ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ከግድግዳው ጋር ናቸው። ሦስቱም የመንገዱ ዳር ምሰሶዎች ናቸው።

መስከረም ሊጠባ ሲል፣ አምስተኛው ወለል አልቆ ስድስተኛው ሲጀመር፣ ስለ እድሳቱ ዘገባ ልሠራ መሐንዲሱን አነጋገርኩት። ረቡዕ ነበር። ለወሬ ማዳመቂያ ያህል፣ ኮንክሪት ተቦክቶ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቅሁት።

«አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ ይጣላል።»

«ውሃ ቢጨመርበትስ?»

ሳቀ። «ጋሼ፣ ከምጣድ የወጣ ዳቦ ላይ ውሃ ቢያፈሱበት ተመልሶ ሊጥ ይሆናል? መልኩ ሊመስል ይችላል፤ ጉልበት ግን የለውም።»

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ከበላያችን ብሎኬት የሚያወርዱ ሠራተኞች ድምፅ ይሰማል። «እንዲህ ያለ ምሰሶ አራት ፎቅ ይችላል?» አልኩት። «ዕድል ካለው ይችል ይሆናል» አለና ስለ መስታወቱ ማውራት ጀመረ።

እዚያው ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ከሥራዬ የመጣ ነው፦ አላረጋገጥኩም። የድሮ ደብተሬን ፈልጌ አገኘሁ፤ አራት ሰዓት ይላል፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይላል፣ ሦስት ምሰሶ ይላል። አልበቃኝም። ረዳቱ ሞቷል። ያቺን ባሬላ ተሸካሚ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት።

«ውሃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ» አለችኝ ወዲያው። «ስድስት ባልዲ። ምነው?»

«ለሰውዬው ማንም አልነገራቸውም?»

«ማን ሊነግር? አንተ ለምን አልነገርካቸውም፣ አገር ለአገር በሬዲዮ ስትለፈልፈው?»

ይህ ሁለተኛ ምስክር ነው። ዘገባ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን እልከው ነበር። እኔ ግን ሌላ ቀን አሳለፍኩ፤ ከዚያም ሌላ። የምፈራው ምሰሶውን ብቻ አልነበረም። የሽማግሌውን ፊት እፈራለሁ። የእናታቸውን ቀብር አንሥቼ በእሱ ምክንያት የሠሩት ሁሉ ተበላሸ ማለትን እፈራለሁ። ባልሆነስ ብዬ እፈራለሁ፤ ተሳስቼ የሰውን ስምና የሰውን ሕንፃ ባፈርስስ? በየማለዳው በፎቁ ፊት አልፋለሁ፤ ቆሟል። ቆሞ ሳየው እፎይ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ አንድ ረድፍ ብሎኬት እንደጨመረ አያለሁ።

ዝናቡ አላቋረጠም። ላይ የተከመረው አሸዋ ውሃ ጠጥቶ ምን ያህል እንደሚከብድ ሳስብ እውላለሁ። ሱቁ ገብቼ እቀመጥና ጆሮዬ ወደ ላይ ይሆናል። የብሎኬት መኪና ሲያራግፍ የመቀሶቹ ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ልጆቹ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ይሳሳቃሉ። የልስኑን ስንጥቅ በዓይኔ እፈልጋለሁ፤ ሳገኝ፣ ትናንት ነበር ወይስ አልነበረም እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ።

«ይሄን ቤት ለምን አትለቂም?» አልኳት አንድ ቀን። «እርጥበት አለው። ከኋላ በኩል ጥሩ ክፍል አይቻለሁ።»

«ወንድም ዓለም፣ ምን ነካህ? በመስከረም ዋዜማ ሱቅ የሚለቅ ልብስ ሰፊ አይተህ ታውቃለህ?»

«ለጤናሽ ብዬ ነው።»

«ለጤናዬ!» ወደ ልጆቹ ዞረች። «ስምንት ዓመት ሰው አገር ስሆን አንድ ቀን ጤናሽ እንዴት ነው ብሎ ያልጻፈ ሰው ዛሬ እርጥበት ያዘሽ ይለኛል። ቀናብኝ እንዴ?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወጥቼ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ስድስተኛውን ወለል አየሁ። የውጪው ግድግዳ ግማሽ ደርሷል።

ቅዳሜ ማለዳ ደወለችልኝ። የሱቋ የብረት መዝጊያ አልከፈት ብሏታል። ሄድኩ። እሷና ልጆቹ ውጭ ቆመዋል፤ አንድ ባጃጅ ነጂ በትከሻው ይገፋዋል። ከላይ ካለው አግዳሚ ጋር ተጣብቆ ነበር። ገፍተን ገፍተን ከፈትነው። «ያ በያጁ ነው፤ ብረቱን አጥሞ ነው የሠራልኝ» አለች። ብረቱ ሦስት ዓመት በአንድ ጣት የሚከፈት ነበር። የጠመመው ብረቱ አይደለም፤ የወረደው ከላይ ያለው ነው። ወደ ላይ ቀና ብዬ አየሁ፤ ውስጥ እንዳይገቡ ሳልናገር ቀረሁ። እነሱ ገቡ። ማሽኖቹ ሲጀምሩ ሰማሁ። ባጃጁን አስነሥቼ ወደ ግንበኛው ቤት ሄድኩ።

ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። «ተቀመጥ። ምን ሆነህ ነው? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ጋሼ፣ እናትዎ የተቀበሩ ዕለት…» አልኩ።

«ነፍሳቸውን ይማር» አሉና ጠበቁ።

ዓይናቸውን ማየት ስላልቻልኩ ከደብተሬ አነበብኩላቸው። ሰዓቱን፣ ጆንያውን፣ ዶማውን፣ ውሃውን። መሐንዲሱ ያለውን ጨመርኩ፤ ስለ መዝጊያውም ነገርኳቸው።

«ስንቱ?»

«ሦስቱ። በመንገዱ በኩል።»

«ሙሉ ብያቸው ነበር እኮ።»

«ብለዋል። እሺ ብለን ነበር።»

«ብለን?»

«እኔም ነበርኩ።»

ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ፎቁ ስኮራ ትሰሙኛላችሁ። ዕድር ላይ አብሬአችሁ ተቀምጬ ስኮራ። ለእኔ አዝናችሁ ነው?»

ገብተው መዶሻና መሮ ይዘው ወጡ። ባጃጁ ውስጥ መዶሻው ጉልበታቸው ላይ ነበር።

ሱቁ ሲገቡ ልጆቹ ተነሡላቸው። እህቴን፣ «ልጄ፣ መስታወትሽን አውርጂልኝ» አሏት። ግራ ገብቷት አወረደች። ምሰሶውን በመዶሻ መቱት። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው በሌላ ቀን፣ በደህና ኮንክሪት የተሞላ ምሰሶ መቱ፤ ተመልሰው ይኸኛውን መቱ። ልዩነቱ ለእኔም ይሰማ ነበር፤ ያኛው ይጮኻል፣ ይኸኛው ድምፁን ይውጣል። ልስኑን አረገፉ። መሮውን አስገብተው ሁለት ጊዜ እንደመቱ ኮንክሪቱ እንደ በሶ እየተበተነ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጠጠሩን በጣታቸው ነቀሉት። በእጃቸው መዳፍ ይዘው አዩት።

«ማሽኑን አቁሙ» አሉ። «ሁላችሁም ውጡ። ምንም ሳትይዙ ውጡ።» ከዚያ መንገዱ ላይ ወጥተው ወደ ላይ ጮኹ። «ውረዱ! አንድ በአንድ፣ ሳትሮጡ ውረዱ!»

አዲሱ ባለቤት፣ ልጁ፣ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ምነው ሰው ፊት?»

«ዋሽቼሃለሁ» አሉት። «ሳላውቅ ነው፤ ግን ዋሽቼሃለሁ። ወረቀቴን ቅደደውና ባሕር ዛፍ አምጣ። ወፍራም ወፍራሙን፣ አሁኑኑ።»

ከሰዓት በኋላ ከምሰሶዎቹ ጎን ጣሪያውን የሚደግፍ ባሕር ዛፍ ቆሞ ነበር። መሐንዲሱ ደርሶ አየ። ማሽኖቹን አንድ በአንድ ለማውጣት ፈቀደ። ዝናብ ያካፋ ነበር። የተሰፉት ዩኒፎርሞች በላስቲክ ተጠቅልለው ጋሪ ላይ ተጫኑ። እህቴ ሥራውን ስትመራ አንድ ጊዜም ወደ እኔ አላየችም። ጋሪው ሲሞላ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

ቀን ተጠይቄ ዋሽቼ አላውቅም። «ረቡዕ። ያለፈው ሳይሆን የዚያ በፊቱ።»

በጣቷ ቆጠረች። «በማግስቱ ምሳ አብረን በላን። እዚህ ውስጥ። ልጆቹን በየተራ እየጠራህ አጎረስካቸው።»

«አዎ» አልኩ።

ጋሪውን ተከትላ ሄደች።

ሁለቱ አዳዲስ ወለሎች ፈረሱ። ሦስቱ ምሰሶዎች በአዲስ ፌሮና ኮንክሪት ዙሪያቸውን ተጠቅልለው ሁለት እጥፍ ወፈሩ፤ ፎቁም በአራትነቱ ቀረ። ፊቱ መስታወት ለብሷል። ግንበኛው ሥራውን በየቀኑ መጥተው በከዘራቸው እየጠቆሙ ያዝዙ ነበር፤ ከእኔ ጋር ሰላምታ እንለዋወጣለን፣ ከዚያ አናልፍም። እህቴ ከገበያው ጀርባ ባለ አንድ ወለል ቤት ተከራየች። ስመጣ ታስቀምጠኛለች፣ ሻይ ታስመጣለች። ነገር ግን ከበሩ እንደገባሁ፣ ከሰላምታውም በፊት፣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች፦

«ወንድም ዓለም፣ ዛሬ ሳትነግረኝ የያዝከው ነገር አለ?»

መጀመሪያ ቁጣ ነበር፤ አሁን ግማሹ ቀልድ ነው። ልጆቹ ግን አሁንም ማሽናቸውን አቁመው መልሴን ይጠብቃሉ። እኔም ወዲያው አልመልስም። ሳምንቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ በልቤ እከልሰዋለሁ፣ ከዚያ ነው «የለም» የምለው።